ውፍረት ለመቀነስ ጨጓራዎን ለማሠራት ካሰቡ፦ ከመወሰንዎ በፊት የሚያልፏቸው 8 ደረጃዎች

ከዓመታት የአመጋገብ ትግል በኋላ «ጨጓራዬን ባሠራውስ?» ማለት ከጀመሩ ይህ መመሪያ ለእርስዎ ነው። ሰው ስለዚህ ቀዶ ሕክምና ሲያስብ ቀድሞ የሚመጣበት የዕለቱ ፍርሃት ነው። ማደንዘዣው ባይለቀኝስ? ከጠረጴዛው ባልነሣስ? ፍርሃቱ ተገቢ ነው። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2009 በአሜሪካ በታተመ ትልቅ ጥናት፣ በ30 ቀን ውስጥ ሕይወታቸው ያለፈው ከ1000 ታካሚዎች 3 ገደማ ነበሩ። ይህም ልምድ ባላቸው ማዕከላት የተገኘ ውጤት ነው።

ከባዱ ጥያቄ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ቀዶ ሕክምናው በሰዓታት ያልቃል፤ የተለወጠው ጨጓራ ግን ዕድሜ ልክ አብሮዎት ይኖራል። ከ10 ዓመት በኋላ ደሜን ማን ይመረምራል? ቫይታሚኑን በምን እገዛለሁ? ጾሙንስ እንዴት አደርጋለሁ? ወደ ቀዶ ሐኪም ከመሄድዎ በፊት እነዚህን ጥያቄዎች አንድ በአንድ ይመልሱ። መመሪያው ሐኪምዎን አይተካም፤ ሐኪምዎ ፊት ሲቀመጡ ምን መጠየቅ እንዳለብዎ ግን ያስታውስዎታል።

ደረጃ 1፦ መስፈርቱን ያሟሉ እንደሆነ ያረጋግጡ

ቁመትዎን በሜትር ለክተው በራሱ ያባዙት። ከዚያ ክብደትዎን በኪሎ ግራም ወስደው ለተገኘው ቁጥር ያካፍሉ። ቁመቱ 1.60 ሜትር፣ ክብደቱ 100 ኪሎ የሆነ ሰው 39 ያገኛል። ሐኪሞች ይህን ቁጥር ቢኤምአይ ይሉታል።

እ.ኤ.አ. ከ1991 ጀምሮ ለ30 ዓመት ያህል የተሠራበት መስፈርት 40 እና ከዚያ በላይ፣ ወይም 35 ሆኖ እንደ ስኳርና ደም ግፊት ያለ ተጓዳኝ በሽታ መኖር ነበር። በ2022 የአሜሪካና ዓለም አቀፉ የዘርፉ ቀዶ ሐኪሞች ማኅበራት መስፈርቱን አሻሽለውታል። አሁን ቁጥሩ 35 ከደረሰ ሌላ በሽታ ባይኖርም ቀዶ ሕክምናው ይመከራል። ከ30 እስከ 35 ባለው መካከል ደግሞ በተለይ ዓይነት 2 ስኳር ላለበት ሰው ይታሰባል።

ቁጥሩ ብቻውን ግን አይወስንም። የታይሮይድ ዕጢ መዳከም፣ እንደ ፕሬድኒሶሎን ያሉ ስቴሮይዶች፣ እንዲሁም አንዳንድ የአእምሮ ሕመም መድኃኒቶች ክብደት ይጨምራሉ። መጀመሪያ እነዚህ ይመርመሩ፤ የሚወስዱትን መድኃኒት ግን ሐኪምዎ ሳያውቅ አያቋርጡ።

በመርፌ የሚሰጡትንም መድኃኒቶች ይጠይቁ። ዌጎቪ የተባለው ሴማግሉታይድ በ2021፣ ዜፕባውንድ የተባለው ቲርዜፓታይድ በ2023 በአሜሪካ ለውፍረት ተፈቅደዋል። ብዙ ሰው ላይ ይሠራሉ፤ ሲቆሙ ግን አብዛኛው ክብደት ይመለሳል። ስለዚህ ሲያነጻጽሩ የአንድ ወር ዋጋቸውን ሳይሆን የዓመታት ወጪያቸውን ያስሉ። መርፌውን እየወሰዱ ቀዶ ሕክምና የሚያደርጉ ከሆነ ለማደንዘዣ ሐኪሙ አስቀድመው ይንገሩ፤ መድኃኒቱ ምግብ በጨጓራ ውስጥ እንዲቆይ ስለሚያደርግ ማደንዘዣ ላይ አደጋ አለው።

ደረጃ 2፦ የሚደረግልዎ ምን እንደሆነ ይወቁ

በብዛት የሚሠሩት ሁለት ናቸው።

ስሊቭ፦ ጨጓራው በቁመቱ ተቆርጦ 80 በመቶ ገደማ ከሰውነት ይወጣል። የሚቀረው እንደ ሙዝ የቀጠነ ቱቦ ነው። አንጀት አይነካም። ረሃብን የሚቀሰቅሰው ሆርሞን በብዛት ከሚመነጭበት ክፍል ጋር ስለሚወጣ ረሃቡም ይቀንሳል። የተቆረጠው ተመልሶ አይተካም። ዋናው ድክመቱ ቃር ነው፤ የነበረውን ሊያብስ፣ ያልነበረውን ሊያመጣ ይችላል።

ባይፓስ፦ ከጨጓራው አናት 30 ሚሊ ሊትር ገደማ የምትይዝ ከረጢት ትሠራና ወደ ታች ካለው ትንሹ አንጀት ጋር ትያያዛለች። ምግቡ አብዛኛውን ጨጓራና የአንጀቱን የመጀመሪያ ክፍል ሳይነካ ያልፋል። ለቃርና ለስኳር በሽታ ጥሩ ነው። በአንጻሩ የአይረን፣ የካልሲየምና የቢ12 እጥረት ያይልበታል፤ በመጋጠሚያው ላይ ቁስለት፣ ከዓመታት በኋላም የአንጀት መታነቅ ሊያመጣ ይችላል።

በጨጓራ አንገት ላይ ቀለበት የማሰሩ ዘዴ ዛሬ ብዙም አይሠራበትም፤ ብዙዎች ውሎ አድሮ ቀለበቱን ለማስወጣት ተገደዋል።

በሁለቱ መካከል ሲመርጡ አንድ ጥናት ይርዳዎት። በፊንላንድ 240 ሰዎች በዕጣ ለስሊቭና ለባይፓስ ተመድበው ለ10 ዓመት ክትትል ተደርጎላቸዋል። ክብደት በመቀነስ ረገድ ባይፓስ በመጠኑ ቀድሟል። የምግብ ቧንቧ በአሲድ መቁሰል ግን ስሊቭ ካደረጉት በ31 በመቶው፣ ባይፓስ ካደረጉት በ7 በመቶው ላይ ታይቷል። ስለዚህ ለዓመታት በቃር የሚሠቃዩ ከሆነና ሐኪሙ ምንም ሳይጠይቅ ስሊቭ ካዘዘልዎ፣ ምክንያቱን ይጠይቁት።

ደረጃ 3፦ ተስፋዎን በልኩ ያድርጉት

ለረዥም ጊዜ ጤና ያለው ማስረጃ ጠንካራ ነው። በስዊድን እ.ኤ.አ. በ1987 በተጀመረ ጥናት 2010 ሰዎች ቀዶ ሕክምና አድርገው፣ 2037 ሰዎች ደግሞ በተለመደው ሕክምና ቀጥለው ለአሥርት ዓመታት ተከታትለዋቸዋል። በ2020 በወጣው ውጤት፣ ቀዶ ሕክምና ያደረጉት ካላደረጉት በ3 ዓመት ገደማ የሚረዝም ዕድሜ ነበራቸው። ከጠቅላላው ሕዝብ ጋር ሲነጻጸሩ ግን ዕድሜያቸው አሁንም በ5 ዓመት ተኩል ያንስ ነበር። ቀዶ ሕክምናው ብዙ ይጠቅማል፤ ያለፈውን ጉዳት ሁሉ ግን አይሰርዝም።

ለስኳር በሽታም እንዲሁ ነው። በአሜሪካ በተደረገ የ5 ዓመት ጥናት፣ የ3 ወር የስኳር መጠናቸው ወደ 6.0 በመቶ ወይም ከዚያ በታች የወረደላቸው ባይፓስ ካደረጉት 29 በመቶ፣ ስሊቭ ካደረጉት 23 በመቶ፣ በመድኃኒት ብቻ ከታከሙት 5 በመቶ ናቸው። ልዩነቱ ትልቅ ነው፤ ግን ሁሉም ሰው አልዳነም። ስኳርዎ ቢጠፋም ተመልሶ ሊመጣ ስለሚችል የዓይንና የኩላሊት ምርመራዎን አያቁሙ።

ክብደቱ በብዛት የመጨረሻ ዝቅታው ላይ የሚደርሰው በ1ኛውና በ2ኛው ዓመት መካከል ነው። ከዚያ ጥቂት መመለሱ የተለመደ ስለሆነ፣ 5 ኪሎ ጨመርኩ ብለው ከክትትል አይሸሹ። በሌላ በኩል የላላ ቆዳ ሊቀር ይችላል። ፀጉርም ከ3ኛው ወር ጀምሮ ይረግፋል፤ ፕሮቲንና ማዕድናት ከተሟሉ አብዛኛውን ጊዜ መልሶ ይበቅላል።

ደረጃ 4፦ አስቀድመው ይመርመሩ

የሚከተሉትን ሳያሟሉ ቀን አይቁረጡ።

• የደም ምርመራ፦ የደም ብዛት፣ የአይረን ክምችት፣ ቢ12፣ ቫይታሚን ዲ፣ የ3 ወር ስኳር፣ ጉበትና ኩላሊት። ብዙ ወፍራም ሰው ከመጀመሪያውም የቫይታሚን እጥረት አለበት፤ ከቀዶ ሕክምናው በፊት ይታከም።
• ኤች ፓይሎሪ፦ ይህ የጨጓራ ባክቴሪያ በአገራችን እጅግ የተስፋፋ ነው። ካለብዎት አስቀድመው ይታከሙ። ከባይፓስ በኋላ የተተወው ጨጓራ በተለመደው ኢንዶስኮፒ አይታይም፤ ስለዚህ መታየት ያለበት አሁን ነው።
• እንቅልፍ፦ በጣም የሚያንኮራፉ፣ ተኝተው ትንፋሽዎ የሚቋረጥ ከሆነ ይመርመሩ። ከማደንዘዣ ጋር የተያያዘ ከባድ ጉዳይ ነው።
• ሲጋራ፦ ያቁሙ። ቁስል እንዳይድን ያደርጋል፤ ከባይፓስ በኋላም ዋነኛ የቁስለት መንሥኤ ነው።
• አእምሮ፦ ድብርት፣ በጭንቀት ጊዜ ያለልክ የመብላት ልማድ፣ የመጠጥ ችግር ካለ ለሐኪሙ አይደብቁ። አስቀድሞ የታከመ ችግር ከቀዶ ሕክምና አይከለክልም፤ የተደበቀው ግን ኋላ ይባባሳል።

ደረጃ 5፦ ማን እንደሚከታተልዎ በስም ይወቁ

ዋጋው ስለሚቀንስ ወደ ቱርክ ወይም ወደ ሕንድ ሄደው የሚያደርጉ አሉ። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ሲሠሩ አድርገው ውላቸው ሲያልቅ ወደ አገር ቤት የሚመለሱም ይኖራሉ። ሥራው በጥሩ ሐኪም እጅ ሊሠራ ይችላል፤ ግን የቆረጠዎት ሐኪም በሌላ አገር፣ እርስዎ በባሕር ዳር ወይም በዋሽንግተን ከሆኑ፣ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ሆድዎን ሲቆርጥዎ ወዴት ይሄዳሉ?

ከመክፈልዎ በፊት እነዚህን ይጠይቁ፦

• ሐኪሙ ይህንን ቀዶ ሕክምና በዓመት ስንት ጊዜ ይሠራል? የተሠፋው ቢያፈስ በዚያው ሆስፒታል ማስተካከል ይቻላል?
• ከመሳፈሬ በፊት ስንት ቀን መቆየት አለብኝ? ረዥም በረራ በእግር ሥር የደም መርጋት ስለሚያመጣ ቶሎ መሳፈር አደገኛ ነው።
• የቀዶ ሕክምናው ሙሉ ሪፖርት በጽሑፍ ይሰጠኛል?
• በምኖርበት ከተማ የሚከታተለኝ ሐኪም ማን ነው? እሱስ ፈቅዷል?

የመጨረሻው ጥያቄ መልስ ካላገኘ ትኬት አይቁረጡ።

ደረጃ 6፦ የዕድሜ ልክ ቫይታሚኑን በወር ወጪዎ ውስጥ ያስገቡ

ይህ «ደከመኝ፣ ልውሰድ» የሚባል ነገር አይደለም። ጥሩ እየተሰማዎትም በየቀኑ ይወሰዳል። ሐኪምዎ ለእርስዎ ያስተካክለዋል፤ የተለመደው መጠን ግን ይህን ይመስላል፦

• ለዚህ ቀዶ ሕክምና የሚስማማ መልቲቫይታሚን፣ በየቀኑ።
• ቢ12፦ በአፍ በቀን ከ350 እስከ 1000 ማይክሮ ግራም፣ ወይም በወር አንድ ጊዜ 1000 ማይክሮ ግራም በመርፌ።
• ካልሲየም፦ በቀን ከ1200 እስከ 1500 ሚሊ ግራም፣ ተከፋፍሎ። ሲትሬት የሚባለው ዓይነት አሲድ ለቀነሰበት ጨጓራ ይሻላል።
• ቫይታሚን ዲ፦ በቀን 3000 ዩኒት ገደማ፣ በደም ምርመራ እየተስተካከለ።
• አይረን፦ የወር አበባ ለምታይ ሴትና ባይፓስ ላደረገ ሰው በቀን ከ45 እስከ 60 ሚሊ ግራም።

አይረንና ካልሲየም አብረው አይወሰዱም፤ ቢያንስ የ2 ሰዓት ልዩነት ይኑራቸው። አይረኑን በሻይና በቡናም አይውሰዱት፤ ወደ ደም እንዳይገባ ያግዱታል። «ጤፍ አይረን አለው፣ ይበቃኛል» ብለው አይተማመኑ። አይረን በብዛት ወደ ደም የሚገባበት የአንጀት ክፍል በባይፓስ ስለሚታለፍ፣ የበሉት ሁሉ አይደርስዎትም።

የደም ምርመራው በ3ኛው፣ በ6ኛውና በ12ኛው ወር፣ ከዚያ በኋላ በየዓመቱ ነው። አጥንት ከጊዜ ጋር ስለሚሳሳ፣ በተለይ የወር አበባቸው የተቋረጠ ሴቶች የአጥንት ጥንካሬ ምርመራ ይጠይቁ። አሁኑኑ ወደ ፋርማሲ ሄደው የእነዚህን ዋጋ ይጠይቁና በ12 ወር ያባዙት። ያንን ገንዘብ በየዓመቱ ማግኘት መቻልዎን ከቤተሰብዎ ጋር ይነጋገሩ።

ደረጃ 7፦ ገበታውን፣ ጾሙንና ቤተሰቡን ያዘጋጁ

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ፈሳሽ፣ ከዚያ የላመ፣ ቀጥሎ ለስላሳ ምግብ ይበላል። ወደ መደበኛው ምግብ ሲመለሱ ከማዕዱ መጀመሪያ ፕሮቲኑን ይብሉ፤ በቀን ቢያንስ 60 ግራም ያስፈልጋል። ቀጠን ያለ ሽሮ፣ የተፈጨ ምስር፣ እንቁላል፣ ዓሣ፣ አይብና እርጎ ጥሩ ናቸው። እንጀራና ዳቦ ቶሎ ይሞላሉ፤ ስለዚህ መጨረሻ ላይ፣ በጥቂቱ። ጠንካራ ሥጋ ካልደቀቀ ተቀርቅሮ ያስጨንቃል። ምግብና ውኃ በአንድ ላይ አይወሰዱ፤ ውኃውን በመካከሉ ቀስ እያሉ ይጠጡ። ጠበል የሚጠጡ ከሆነም በአንዴ በብዛት ሳይሆን እየተጎነጩ ይሁን።

ባይፓስ ካደረጉ ጣፋጭ ሲበሉ ልብ መምታት፣ ላብ፣ ማቅለሽለሽና ተቅማጥ ሊመጣ ይችላል። ከበሉ ከ1 እስከ 3 ሰዓት ቆይቶ የሚመጣ መንቀጥቀጥና መፍዘዝ ደግሞ የስኳር መውረድ ምልክት ሊሆን ስለሚችል ለሐኪም ይነገር።

ጾምን በሚመለከት ውሳኔው አስቀድሞ ይሁን። ቢ12 በተፈጥሮ የሚገኘው ከእንስሳት ተዋጽኦ ነው፤ በ55 ቀኑ ዐቢይ ጾም እነዚህ ከገበታ ሲወጡ እንክብሉ ወይም መርፌው የግድ ይሆናል፤ ፕሮቲኑም ከጥራጥሬ ታቅዶ መገኘት አለበት። እስከ ቀትር ወይም ከዚያ በላይ ውኃ ሳይጠጡ መቆየት፣ እንዲሁም የረመዳን ጾም፣ በአንዴ ትንሽ ብቻ መያዝ ለሚችል ጨጓራ ከባድ ነው፤ በተለይ በመጀመሪያው ዓመት። ሁለቱም እምነቶች ለታመመ ሰው ፈቃድ አላቸው። ከሐኪምዎ የተሰጠዎትን ምክር ይዘው ከንስሐ አባትዎ ወይም ከሚያምኗቸው ሼኽ ጋር ይነጋገሩ።

ከቤተሰብ የሚመጣውንም ይዘጋጁበት። በእኛ ዘንድ «ተመችቶሃል፣ አምሮብሃል» የሚባለው የወፈረ ሰው ነው፤ የከሳውን «ምን ነካህ? ታመህ ነው?» ይሉታል። «በሞቴ» ተብሎ የሚመጣ ጉርሻም ለአዲሱ ጨጓራዎ ማስመለስ ማለት ሊሆን ይችላል። ቢያንስ አብረዎት ለሚበሉት እውነቱን ይንገሩ። እምቢታዎ ንቀት እንዳልሆነ የሚያስረዳልዎ አንድ ሰው ከጎንዎ ይኑር።

መጠጥ ከቀዶ ሕክምናው በፊት እንደሚያውቁት አይደለም። በተለይ ከባይፓስ በኋላ ወደ ደም ቶሎ ይገባል፤ የመጠጥ ሱስ አደጋም ከ2ኛው ዓመት ጀምሮ ከፍ ይላል። ጠጅም ሆነ ቢራ ቢተዉት ይመረጣል። እ.ኤ.አ. በ2007 በአሜሪካ ዩታ ግዛት በወጣ ጥናት፣ ባይፓስ ባደረጉ ሰዎች ጠቅላላው ሞት በ40 በመቶ ሲቀንስ፣ በአደጋ፣ ራስን በማጥፋትና በመሳሰሉት የሚመጣው ሞት ግን በ58 በመቶ ጨምሮ ተገኝቷል። ክብደት ሲወርድ ኀዘን አብሮ ይወርዳል ብለው አይጠብቁ። ተስፋ መቁረጥ ከተሰማዎ የዚያኑ ዕለት ለቅርብ ሰውና ለሐኪም ይናገሩ።

ለሴቶች፦ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ከ12 እስከ 18 ወር እርግዝና ይቆይ። ክብደት ሲቀንስ ተዛብቶ የነበረ የወር አበባ ይስተካከልና ሳያስቡት ማርገዝ ይቻላል። ባይፓስ ካደረጉ በአፍ የሚወሰደው የወሊድ መከላከያ ላይበቃ ስለሚችል በክንድ የሚቀበረውን ወይም ሉፕን ይጠይቁ። ኋላ ሲያረግዙ ለስኳር ምርመራ የሚጠጣው ጣፋጭ ፈሳሽ ሊያሳምምዎ ስለሚችል ቀዶ ሕክምናውን ለአዋላጅዋ ይንገሩ።

ደረጃ 8፦ የአደጋ ምልክቶችን ጽፈው በቦርሳዎ ይያዙ

የቀዶ ሕክምናዎን ዓይነትና ቀን በአንድ ካርድ ላይ ጽፈው ከመታወቂያዎ ጋር ያኑሩ። የሚከተሉት ሲታዩ ቀዶ ሐኪም ወዳለበት ሆስፒታል ይሂዱ፦

• በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ትኩሳት፣ በደቂቃ ከ120 በላይ የሆነ የልብ ምት፣ እየባሰ የሚሄድ የሆድ ሕመም፤ ስፌቱ አፍስሶ ሊሆን ይችላል።
• የአንድ እግር ማበጥ፣ ድንገተኛ የደረት ሕመም ወይም የትንፋሽ ማጠር፤ የደም መርጋት ሊሆን ይችላል።
• ከባይፓስ በኋላ፣ ዓመታት ቢያልፉም፣ ከምግብ በኋላ የሚነሣ ከባድ ቁርጠት፤ አንጀት ታንቆ ሊሆን ይችላል፤ «ጨጓራ ነው» ተብሎ በሽሮፕ አይታለፍም።
• ጥቁር ሰገራ ወይም ደም ማስመለስ፤ የቁስለት ምልክት ነው።
• በቀኝ የጎን አጥንት ሥር የሚመጣ ሕመም፤ በፍጥነት ሲከሱ የሐሞት ጠጠር ይበዛል። ለመከላከል የሚሰጥ መድኃኒት ስላለ አስቀድመው ይጠይቁ።
• ከ2 ወይም ከ3 ቀን በላይ የቆየ ማስመለስ። በዚህ ጊዜ ቢ1 ወይም ታያሚን የሚባለው ቫይታሚን ያልቃል። መንገዳገድ፣ አንዱን ሁለት አድርጎ ማየትና መቀባዠር ከተከተለ አንጎል እየተጎዳ ነው። ጤና ተቋም ሲደርሱ ግሉኮስ ከመሰቀሉ በፊት ታያሚን እንዲሰጥዎ ይጠይቁ፤ ግሉኮሱ ቀድሞ ከገባ ጉዳቱን ሊያብሰው ይችላል።

ለራስ ምታትና ለወገብ ሕመም ከፋርማሲ በቀላሉ የሚገዙት ኢቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ፣ በተለይ ባይፓስ ላደረገ ሰው፣ ጨጓራ ያቆስላሉ። በፓራሲታሞል ይተኳቸው። ለልብ አስፒሪን ታዞልዎ ከሆነ ግን ራስዎ አያቋርጡት፤ ሐኪምዎን ያማክሩ። የስኳርና የደም ግፊት መድኃኒት መጠንም ከቀዶ ሕክምናው ማግስት ጀምሮ መቀነስ ሊያስፈልገው ስለሚችል በየጊዜው ይታይ።

ውሳኔው

ስምንቱን ደረጃዎች ካለፉ በኋላ አራት ነገሮች በእጅዎ መኖራቸውን ይመልከቱ፦ በሚኖሩበት ከተማ የሚከታተል ሐኪም፣ በየዓመቱ ለቫይታሚንና ለደም ምርመራ የሚሆን ገንዘብ፣ እውነቱን የሚያውቅ አንድ የቤተሰብ ሰው፣ ታክሞ የተረጋጋ አእምሮ። አራቱም ካሉ የቢላዋው ፍርሃት ብቻ አያስቀርዎ፤ ስኳርና ደም ግፊት እየባሱ ዝም ብሎ መቀመጥም የራሱ አደጋ አለው። ከአራቱ አንዱ ከጎደለ ቀኑን ያራዝሙና መጀመሪያ የጎደለውን ያሟሉ። ቀዶ ሕክምናውን ያደረጉ ወገኖቻችንንም እንለምናለን፦ ደህና ነኝ ብላችሁ ከዓመታዊ ምርመራችሁ አትቅሩ፤ እጥረቱ ስሜት ሳይሰጥ ዓመታት ሊቆይ ይችላል፤ ነርቭና አጥንት ከተጎዱ በኋላ ደግሞ ሁሉም አይመለስም።